በፕሮክሲ በኩል ፋይል ለማውረድ የትኛው ይሻላል? ደብሊውጌት፣ ከርል ወይስ አሪያ2?

ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ ወይም አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተቀምጣችሁ ብሮውዘሩ እየሠራ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምትጽፉበት መስኮት) ግን አላወርድም ካለ፣ መሃል ላይ ፕሮክሲ፣ ማለትም በእናንተና በኢንተርኔቱ መካከል የሚያስተላልፍ ሰርቨር፣ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። 407 የሚል ቁጥር ከመጣማ አትጠራጠሩ፤ ፕሮክሲው ስምና ፓስዎርድ እየጠየቃችሁ ነው። ሦስቱም በትእዛዝ ፋይል የሚያወርዱ መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ። ገንዘባችሁ የሚሄደው በዳታ ነው፣ ምርጫውም ከዚያ ይጀምራል።

ለትልቅ ፋይል እኔ ያለ ማመንታት ደብሊውጌት እላለሁ። ከ1996 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። መስመሩ ሲቆራረጥ ሳትነግሩት እስከ 20 ጊዜ ይሞክራል፣ ሰርቨሩ ከፈቀደም ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ "ሰረዝ ሲ" ጨምራችሁ ድገሙት፤ በዳታ ጥቅል የኡቡንቱን አይኤስኦ (ትልቁን የመጫኛ ፋይል) ለሚያወርድ ሰው ከዜሮ አለመጀመር ማለት ስንት ነገር እንደሆነ የቆረጠበት ያውቀዋል። ዋናው ድክመቱ፦ ሶክስ የሚባለውን፣ ከተለመደው የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ የተለየ ዓይነት፣ አይችልም።

ፕሮክሲያችሁ ሶክስ ከሆነ ወይም የዊንዶውስ ዶሜን (የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ) ስምና ፓስዎርድ በኤንቲኤልኤም፣ በማይክሮሶፍት የማረጋገጫ ዘዴ፣ የሚጠይቅ ከሆነ ከርልን ያዙ። ማክ ላይ አለ፣ ዊንዶውስ 10 ላይም ከ2018 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ግን ጠንቀቅ በሉ። ፖርቱን (ከፕሮክሲው አድራሻ ቀጥሎ የሚጻፈውን ቁጥር) ካልጻፋችሁለት 1080 ነው ብሎ ይሄዳል፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ስኩዊድ የሚባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ደግሞ በተለምዶ 3128 ላይ ነው የሚያዳምጠው፤ ስለዚህ አድራሻው ትክክል ሆኖም አልገናኝም ይላችኋል። ሌላው፣ ኤስ በሌለው የኤችቲቲፒ ሊንክ ስታወርዱ ፕሮክሲው ከከለከላችሁ ከርል የክልከላውን ገጽ በፋይሉ ስም ያስቀምጥላችኋል። ጊጋባይት የጠበቃችሁት ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ሆኖ ካገኛችሁት ይኸው ነው። "ሰረዝ ኤፍ" ጨምሩበት፣ እንዲህ ሲሆን ስህተት ብሎ ይቆማል።

አሪያ2 ፈጣን ነው ይባላል፣ እውነትም አለው፤ ፋይሉን ከፋፍሎ ከአንድ ሰርቨር እስከ 16 ግንኙነት ድረስ መክፈት ይችላል። ይህ የሚጠቅመው ግን የእያንዳንዱ ግንኙነት ፍጥነት ሲገደብ ነው። የቢሮው መስመር ራሱ ጠባብ ከሆነ የባልደረቦቻችሁን ድርሻ መሻማት ብቻ ነው የሚሆነው፣ ዳታም አይቆጥብም። ሶክስም አይችልም። እኔ ቤት ውስጥ እንጂ ቢሮ ላይ አልመክረውም።

የቱንም ምረጡ፣ ፓስዎርዳችሁ ውስጥ @ ካለ የፕሮክሲው አድራሻ ላይ ስትጽፉት በ%40 ተኩት፤ አለበለዚያ አድራሻው ይበላሻል። ፓስዎርዱን ትእዛዙ ላይ ከጻፋችሁት ደግሞ ተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራል፣ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ይህ አደጋ ነው። ከርል እዚህ ላይ ይበልጣል፦ የፕሮክሲ ስማችሁን ብቻ "ሰረዝ ካፒታል ዩ" ብላችሁ ስጡት፣ ፓስዎርዱን ራሱ ይጠይቃችኋል።