ጋራንቲው ያላለቀ መኪና ላይ የሚታጠብ የአየር ፊልትሮ፣ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ዘይት የሚቀባውን የሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ ጋራንቲው ገና ያላለቀ መኪና ላይ አስገብቼ እየነዳሁ ነው፣ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ፊልትሮው ሳይሆን ጋራንቲውን ያሳጣል ወይ ብለው ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ልንገራችሁ።

እቃው ጥሩ ነው። ዳር ዳሩን የዞረው ጎማ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ግጥም ነው የሚለው፣ ዞር ዞር አድርጌ አይቼዋለሁ አቧራ ሾልኮ የሚገባበት ክፍተት የለውም። ጉልበት ይጨምራል የሚባለውን እኔ አላየሁም፣ ነዳጅ ሲረገጥ ድምፁ ትንሽ ይጎላል በቃ፣ ጥቅሙ አጥቦ ደጋግሞ መጠቀሙ ላይ ነው።

አደጋውም እዛው እጥበቱ ላይ ነው ያለው። ጥጡ በደንብ ሳይደርቅ ወይ ዘይቱ በዝቶበት ከገባ ትርፉን ዘይት አየሩ ይስበውና ማፍ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፈዋል። ማፍ ሴንሰር ማለት ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካው ነው፣ ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል በጣም ቀጭን ሽቦ አለ፣ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው ታይቶ ነው ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚመጥነው፣ እሱ ላይ ዘይት ካረፈ አቧራ ይለጠፍበትና ልኬቱ ይዛባል፣ ከዛ መኪናው ቆሞ ሲሰራ ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል። እንደዚህ ሆኖ ሴንሰሩን በጋራንቲ ቀይሩልኝ ብትሉ እምቢ ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም ያበላሸው እናንተ ያስገባችሁት እቃ ነው።

እኔን የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። የሹፌር በኩል መስታወት ማውጫው ሞተር መስራት አቁሞ ይዤ ሄድኩ፣ ተቀባዩ መኪናውን ሲመዘግብ ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮውን ሲያየው "ይሄ የኛ እቃ አይደለም፣ ጋራንቲዎ ተሰርዟል" አለኝ። የአየር ፊልትሮ በር ውስጥ ካለ ሞተር ጋር ምን አገናኘው? አልተጣላሁም፣ "እሺ ወንድሜ፣ የከለከላችሁበትን ምክንያት በፅሁፍ ስጡኝ፣ ፊልትሮው ሞተሩን እንዴት እንዳቃጠለውም አብራችሁ ፃፉልኝ" ብቻ ነው ያልኩት፣ ሃላፊው ተጠርቶ መጣና አይቶት በጋራንቲ ተቀየረልኝ። ስለዚህ ጋራንቲዎ ተሰርዟል ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ፣ በፅሁፍ ጠይቁ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ስንት ሰው እኮ መብቱን ትቶ ከኪሱ ይከፍላል።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር በህግ የተዘጋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ህግ አምራቹ እቃውን በነፃ እስካልሰጠ ድረስ በመርህ ደረጃ የኔን ብራንድ ካልተጠቀምክ ጋራንቲ የለህም ብሎ ማሰር እንደማይችል ይናገራል፣ ከከለከለም ጉዳቱን ያመጣው ያ እቃ ወይም አገጣጠሙ መሆኑን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን ህግና የጋራንቲ ደብተራችሁን እዩ፣ ብዙ ደብተር ላይ ግን የሚገኘው "ሌላ እቃ ባደረሰው ጉዳት አንጠየቅም" የሚል ነው፣ እሱ ደግሞ ጋራንቲው በሙሉ ይወድቃል ከማለት በጣም ይለያል።

ፊልትሮና የፍሬን ሸራ እንደዚህ በቀላሉ ያልፋሉ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር አስነክቶ ጉልበት ማስጨመር ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ ያኔ ሞተርም ካምቢዮም ከተሰራበት በላይ ስለሚጫንበት ለመከራከር ከባድ ነው፣ ፕሮግራሙ እንደተቀየረም ብዙ ጊዜ በማሽን ያዩታል፣ ጋራንቲ እያለ ባትነኩት ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፊልትሮው ራሱ ረጅም ጋራንቲ አለው ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ወረቀቱን ስታነቡት ግን የኔው ፊልትሮውን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ በሱ ምክንያት ሌላ ነገር ቢበላሽ እንከፍላለን የሚል ቃል የለበትም። ሳትገዙ በፊት ይሄንን አስነብቡ፣ የሞተር ጉዳትም እንሸፍናለን ብሎ በፅሁፍ የሚሰጥ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ዘይቱ ምን ያህል እንደሚቀባና ከታጠበ በኋላ ስንት ሰዓት መድረቅ እንዳለበት ካርቶኑ ላይ በግልፅ ስላልተፃፈ ነው። የፋብሪካውን ፊልትሮ አልጣልኩትም፣ ከደረሰኙ ጋር ተቀምጧል፣ ለሴንሰር ወይ ለሞተር ጉዳይ የምሄድ ከሆነ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው።