ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘነው የሚጥል በሽታ ክትትል አገልግሎት

ታናሽ እኅቴን ይዤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የወረድኩት የመድኃኒት ማዘዣዋን ለማሳደስ ብቻ ነበር። በፊት ትታከምበት በነበረው ተቋም ለሚጥል በሽታዋ ለአምስት ዓመታት ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒት ሲሰጣት፣ ካርዷ ላይ በየቀጠሮው «ይቀጥል» ከመባል በስተቀር፣ ባል ማግባቷን እንኳ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እዚህ ያገኘነው ባለሙያ ካርዱን አገላብጦ ካየ በኋላ በቅድሚያ ያነሣው ጥያቄ «እኅቴ፣ ልጅ ለመውለድ አስበሻል?» የሚል ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ወደ እኔ ስትዞር፣ ወንድም ባለበት የሚመለስ ጥያቄ አለመሆኑ ስለገባኝ ራሴ ወጣሁ፤ ውጣ ሊለኝ የሚገባው ግን እሱ ነበር። ኋላ በእሷ ፈቃድ ተጠርቼ ስገባ፣ ቫልፕሮኤት በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአከርካሪ ክፍተትን የመሰለ የአካል ጉድለት ይዘው ሊወለዱ እንደሚችሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው፣ ማለትም በንግግር፣ በማስታወስና በትምህርት፣ ወደ ኋላ ሊቀሩ እንደሚችሉ፣ ኦቲዝምም በእነዚህ ልጆች ላይ ይበልጥ እንደሚታይ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሲጨምርም አደጋው እንደሚጨምር አስረዳን። የጽንሱ የአከርካሪ መስመር የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በመሆኑ፣ መድኃኒት የሚለወጠው አስቀድሞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ቫልፕሮኤት እንዳይታዘዝ በ2023 እ.ኤ.አ. አሳስቧል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኩት ግን በማስፈራራት ብቻ አለማቆሙን ነው። በድንጋጤ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ብታቆም የሚነሣባት ብርቱ መንቀጥቀጥ እሷንም ጽንሱንም ሊገድል እንደሚችል ነግሯት፣ የሰማችውን በራሷ አፍ እንድትደግምለት አደረገ። ከዚያም ሌቬቲራሴታም የተባለ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቀስ በቀስ እየተጨመረ ቫልፕሮኤቱ እንዲቀንስ፣ ለውጡ እስኪያበቃ የእርግዝና መከላከያ እንድትጠቀም፣ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚንም በየቀኑ እንድትወስድ አዘዘ። የየሳምንቱን አወሳሰድ በወረቀት ላይ ሲጽፍ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሣለበት፤ ፊደል የማትቆጥረው እናታችን ዛሬ በዚያ ወረቀት ነው የምትቆጣጠራት።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ተራ እስኪደርሰን ሦስት ሰዓት ያህል ቆመናል፤ የታዘዘውም መድኃኒት በተቋሙ ፋርማሲ ስላልነበረ የግል መድኃኒት ቤቶችን ስንዞር ውለን በአራተኛው አገኘነው፤ ዋጋው ከቀድሞው መድኃኒት ብዙ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ምክር ተሰጥቶ መድኃኒቱ ከሌለ፣ ከገጠር የመጣች ሴት ወደ ቀድሞው ኪኒን ብትመለስ የሚፈረድባት እሷ መሆን የለባትም።

ቀጣዩ ቀጠሮ ለጥር 21 ተሰጥቶ ነበር። እኅቴ ግን በአስተርእዮ ማርያም ከጻድቃኔ ማርያም አልቀርም ብላ ወደ 23 አስለወጠች፤ ባለሙያውም ጠበሉን ስትጠመቅ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ አደራ ብሎ ካርዷ ላይ ቀኑን አርሞ ጻፈላት።