የአካባቢ ዜና ከጅማ ሲታይ፦ የአንድ ጣቢያ አገልግሎት ግምገማ

ጅማ ክረምት በገባ ቁጥር የምከታተለው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያቀርባቸው የአካባቢ ጥበቃ ዜናዎች በምስል ጥራትም ሆነ በቋንቋ የሚነቀፉ አይደሉም፤ ቅር የሚያሰኘው የባለታሪኩ ምርጫ ነው። ካሜራው ባለሥልጣኑ ችግኝ ይዞ ሲያጎነብስ፣ አፈሩን በእጁ ሲመልስና ሲጨበጨብለት ሳይቸኩል ያሳያል፤ ጉድጓዱን ቀድመው የቆፈሩት ሰዎች ግን ከበስተኋላ ብዥ ብለው ያልፋሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ በዚህ ጣቢያ ዘንድ የተከላው ቁጥር የመሪ ገድል ሆኖ ሲነገር ስንቱ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ አልፎ አልፎ እንኳ አይነሳም። በእርግጥ የመሪ መገኘት ሕዝብ ያንቀሳቅሳል፤ ይህን መዘገብም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እዚሁ አጠገባችን በበለጠ-ጌራ ደን፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ተደራጅተው ደኑን የሚጠብቁትና ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅሙት ገበሬዎች የሚታዩት፣ እንግዳ ሲመጣ ለአቀባበል ተሰልፈው ብቻ ነው።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። ሦስተኛውን የምጨምረው ዘጋቢው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ያለ ባለሥልጣን አጀብ ወደ ተከላው ቦታ ተመልሶ ሲቀርጽ ነው።