የልጄን ጣቶች ላፍታታችው ቴራፒስት

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ ወላጆች ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ የጃኬቱን ዚፕ አይዘጋም፣ ቁልፍ አይቆልፍም፣ እርሳስ የሚይዘው ደግሞ እንደ ዘነዘና ጨብጦ ነበር። እቤት ግን ችግር መሆኑን ማንም ልብ አላለም። እኔ አለብሰዋለሁ፣ እናቴ ታጎርሰዋለች፤ በምን ይታወቃል?

መምህርቱ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን ራስ ችሎ ለማከናወን የሚረዳ ሕክምና) ያስፈልገው እንደሆነ ይታይ ስትል፣ ቃሉ ከሥራ ጋር የተያያዘ መስሎኝ «ለስድስት ዓመት ሕፃን ደግሞ የምን ሥራ ነው?» ብዬ ተከራክሬአለሁ። ለካስ የልጅ ሥራው መልበስ፣ መብላት፣ መጫወትና መጻፍ ኖሯል።

የትምህርት ቤቱ ቴራፒስት መጀመሪያ የጠየቀችኝ እቤት ምን እንደምንበላ ነው። እንጀራ አልኳት። «ይዘሽልኝ ነይ» አለች። ሲቆርስ ለማየት ነበር፤ አልቻለም። እንጀራ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ቆርሶ ወጥ መጠቅለል እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልጉትን ጣቶች ያሠራል። እኛ በጉርሻ ስንነፍገው የኖርነው ይህንኑ ልምምድ ነው! ከዚያ ወዲያ የቤት ሥራችን ራት ሆነ። ሊጥ አብሮኝ ያቦካል፤ ሊጡ ውስጥ የደበቅሁትን ሽምብራ በጣቱ ጫፍ ፈልፍሎ ያወጣል። ክሬዮኖቹንም ሰባብራ አሳጠረቻቸው፤ አጭር ክሬዮን ለጭብጥ አይመችምና ጣቶቹ ሳይወዱ በግድ ቦታቸውን ያዙ።

ዚፑን የጀመረችው ከመጨረሻው ነው። ራሷ አያይዛ እስከ ደረቱ ትስብና የቀረችውን ስንዝር ለእሱ ትተዋለች። ሲለምድ ትንሽ ዝቅ ብላ ታቆማለች፣ ከዚያም ሌላ ትንሽ። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ስለሆነ አንድም ቀን አልቻልኩም ብሎ አላለቀሰም። ያኮረፈችው እናቴ ናት፤ እጅን ከጉርሻ መሰብሰብ ለእሷ ከሁዳዴም ይከብዳል።

ቴራፒስቷ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ደውላችሁ ቀጠሮ አትይዙም። መንገዱ ሌላ ነው፦ ልጃችሁ እንዲገመገም ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና ኋላ የተሻሻለው የፌዴራል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ ግምገማውም ሆነ የሚፈቀደው ቴራፒ ወላጅን እንዳያስከፍል ያዛል። የሚፈቀደው ለሁሉም አይደለም፤ ግምገማው ይወስነዋል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ የሕፃናትና ታዳጊዎች ፕሮግራም አላት። አስተርጓሚም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬን ተማምኜ የመጀመሪያውን ስብሰባ ግማሹን ሳይገባኝ ራሴን ስነቀንቅ ነው የወጣሁት።

ቴራፒስቷ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ የማረፍደው፣ ዚፑን ልዝጋልህ ስለው ጀርባውን ስለሚሰጠኝ ነው።