የአባቴ የምላጭ ጠፍር ቡራዩ ላይ ነፍስ ዘራ

ዘንድሮ ክረምት ለአንድ ወር አገር ቤት ነበርኩ። ያረፍኩት ቡራዩ፣ ከእህቴ ቤት ትንሽ ራቅ ብላ ባለች የእንግዳ ማረፊያ ነው። ስለ ማረፊያዋ በአጭሩ ልናገር። ንጹህ ናት። ውሃው በፈረቃ ቢመጣም በርሜሉ ባዶ ሆኖ አላየሁትም። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ በጆግ ያመጡልኛል። ቡራዩ በሐምሌ ብርዷ ይታወቃል፤ ለሚላጭ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዊንጌት በአስኮ በኩል የሚመጣው ታክሲ ማታ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ከ11 ሰዓት በፊት መሳፈር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሲሞት ለእኔ ታጣፊ ምላጩ፣ ለእህቴ ደግሞ ምላጩ የሚፋጭበት የቆዳ ጠፍር ደረሰን። ምላጩ ላይ «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ አለ። ዞሊንገን በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ስሟም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። በውጭ አገር ዓመታቴ ሁሉ በዚህ ምላጭ ነው የምላጨው። ዘንድሮ ጠፍሩን ለማየት ጓጉቼ ስመጣ እህቴ ከሳጥን ውስጥ አወጣችልኝ። ታጥፎ ተቀምጦ መሐሉ ላይ ተሰብሯል። ሻጋታ ይዞታል። ጠርዙ ላይ ደግሞ አንድ የድሮ ቁስል አለ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ አባቴ ሳያየኝ ልሞክር ብዬ ምላጩን ያለቦታው ሳዞር የቆረጥኩት ነው። ጣቴን አስገባሁበት። እዚያው አለ።

ብዙ ሰው ጠፍር ምላጭ የሚስል ይመስለዋል። ብረቱን የሚበላው ግን ድንጋይ ነው። የምላጭ ስለት እጅግ ቀጭን ስለሆነ አንድ ጢም በተላጨ ቁጥር ጫፉ በዓይን በማይታይ መጠን ይጣመማል። ጠፍሩ ያንን ያቃናዋል፣ ያለሰልሰዋል። ከመላጨት በፊት ሁልጊዜ ጠፍር ያገኘ ምላጭ ድንጋይ የሚፈልገው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠፍሩ ከተበላሸ ምላጩም አብሮ ይሞታል።

መጀመሪያ የወሰድኩት መሐል ከተማ ወዳለ አንድ የቆዳ ዕቃ ጥገና ቤት ነው። ሻጋታውን እንዲያጸዱ፣ የተቆረጠውን እንዲያጣብቁ ነገርኳቸው። «እናውቀዋለን» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጠፍሩ እንደ አዲስ ጫማ በጥቁር ቀለም ያብረቀርቃል። በማሽን ፈግፍገውት አንዱ ጠርዝ ከሌላው ሳስቷል። ቁስሉ እንዳለ ነው። በጣም አዘንኩ። ጠፍር ሥራውን የሚሠራው ብረቱን በስሱ ያዝ እያደረገ ነው። የጫማ ቀለም ውስጥ ሰም አለ። ሰም የተቀባ ቆዳ ላይ ምላጩ ያንሸራትታል እንጂ አይያዝም። ለጫማ ጥሩ ሠራተኞች ይሆናሉ። የማያውቁትን ዕቃ ግን ጠይቀው መቀበል ነበረባቸው። ምላጩን አብሬ ባለመስጠቴ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ይህንን ለባጃጅ ሹፌር ስነግረው «ጋሼ፣ ለጋሪ ፈረስ ልጓም የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ልውሰድህ» አለኝ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል። ግድግዳው ላይ ልጓም፣ የኮርቻ ማሰሪያ፣ ቀበቶ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ወስፌያቸውን አስቀምጠው ጠፍሩን ተቀበሉኝ። አሸተቱት። አጠፉት። ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረው ቆረጣውን ተመለከቱ።

«አባትህ የት ነበር የሚሠራው?» አሉኝ።

«ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር ጋሼ። ሰፈሩ ራሱ አሁን ፈርሷል።»

ዝም ብለው ቆዩና «ቆዳው ግን አልሞተም» አሉ።

ከዚያ አስተማሩኝ። ውስጡ ድረስ ቡናማ ከሆነ በተክል የለፋ ነው። በኬሚካል የለፋ ቢሆን መሐሉ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል፤ ለስለስ ስለሚልና ስለሚለጠጥ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። በእኛ አገር በእምቧይ ቆዳ ሲለፋ ልጅ ሆነው እንዳዩ ነገሩኝ። ይሄኛው ከበሬ ጀርባ የወጣ ነው አሉ። የሆድ ቆዳ ቢሆን ኖሮ ተለጥጦ መሐሉ ይረግብ ነበር። የበግ ቆዳችን ለጓንት በዓለም የተመሰገነ ቢሆንም ለጠፍር በጣም ስስ ነው።

አራት ቀን ፈጀባቸው፤ አንዱንም ቀን አልቆጨኝም። ቀለሙን በሳሙና አረፋና በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው አወጡት፤ ውሃ ውስጥ ግን አልነከሩትም። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሐል አስተኝተው ጥላ ውስጥ አደረቁት። ፀሐይና እሳት ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የእኔን የልጅነት ቁስል ከፈት አድርገው ማስቲሽ ቀቡና ተጭነው አሳደሩት። ቀጥሎ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለው፣ በቁመቱ ብቻ፣ በጣም በቀስታ አለሰለሱት። በመጨረሻ ከጀርባው በኩል ሞራ በስሱ ቀቡት። ቅቤ ለምን አይሆንም ብላቸው «ይከረፋል ልጄ» አሉኝ። የሳሳው ጠርዝ ግን ተመልሶ አይሞላም፤ ሁለቱን ጠርዞች እኩል ለማድረግ በወርዱ ትንሽ ከረከሙት። አሁን ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይበቃል። ከቆዳው ጋር አብሮ የሚሰቀለውን የሸራ ክፍል ደግሞ በአዲስ ሸራ ተኩልኝ።

600 ብር አሉኝ። ጨምሬ ልሰጣቸው ስል «ዋጋው ይሄ ነው» ብለው የተረፈውን መለሱልኝ። በቴሌብር አይቀበሉም፤ ጥሬ ብር ይያዙ።

በማግስቱ ጠፍሩን የማረፊያዬ መስኮት ብረት ላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ በመዳፌ ደጋግሜ አሸሁት። የእጅ ሙቀትና ወዝ ቆዳውን ያነቃቃል፣ አቧራውንም ያነሳል። ጠፍሩን ወጠር አድርጌ ያዝኩ። ከረገበ የስለቱን ጫፍ ያዶለዱመዋል። በሸራው ላይ ሃያ፣ በቆዳው ላይ ሃምሳ ጊዜ ተመላለስኩ። የምላጩ ጀርባ ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ላይ ስደርስ የማዞረው በጀርባው ነው፤ ጀርባው ከቆዳው አይነሳም። ያኔ በልጅነቴ የሳትኩት ይቺን ነበር። ጫና አያስፈልግም፤ የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ፍጥነቱ ከጊዜ ጋር ይመጣል። አባቴ ሲያደርገው የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አለቀሰች።

ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ወጣት ፀጉር አስተካካይም ላመሰግን እወዳለሁ። በቶንዶስ እጁ ቀላል ነው፣ ለጢም ደግሞ ዓይናችሁ እያየ አዲስ ምላጭ ይከፍታል። ትክክል ነው። ቆዳ አይቀቀልም፣ በረኪና ውስጥ አይነከርም፤ ስለዚህ ጠፍርና ታጣፊ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። አባቴም ኤድስ አገራችን መግባቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቀ በኋላ ይህንን ምላጭ ለደንበኛ መጠቀም ትቶ ለራሱ ብቻ አድርጎት ነበር። ወጣቱ ጠፍሩን ሳሳየው ደንበኞቹን አስጠብቆ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። በሄድኩበት ቀን ለራሱ አንድ ሊያስቆርጥ ሽማግሌው ጋ አብረን ሄድን።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጠፍር ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ከሳጥን አውጥታችሁ ስቀሉት። ታጥፎ አይቀመጥ። ከሻወር ቤት እርጥበት ይራቅ። እርጥብ ምላጭ አይንካው። ጥገና ካስፈለገው ሽማግሌው ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ። ቅዳሜ ገበያ ስለሚወጡ ቤቱ ዝግ ነው። የባጃጅ ሹፌሮችን «ልጓም የሚሠሩት ጋ» በሏቸው፤ ያደርሷችኋል።