ሊድ መሰብሰቢያችንን ለሰራልን ወንድማችን፡ እጅህ ይባረክ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን ሰው በአደባባይ ሳመሰግን ቃሌን አምኖ ስራ የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብዬ ስለማስብ ሳላረጋግጥ መናገር አልወድም። አሁን ሊድ (ደንበኛ ሊሆኑን የሚችሉ ቢዝነሶችን ስምና ስልክ) የሚሰበስብልን ሲስተም ከተሰራልን 3 ወር አልፎታል፣ በየቀኑ እየተጠቀምንበት ነው፣ ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

እኛ ለትናንሽ ቢዝነሶች ዌብሳይት የምንሰራ 4 ሰዎች ነን። ደንበኛ የምናገኘው ራሳችን ደውለን ነው፣ ለመደወል ደግሞ ሊስት ያስፈልጋል፡ ማን አለ፣ የት አካባቢ ነው፣ ስልኩ ስንት ነው፣ ዌብሳይት አለው ወይስ የለውም። ይሄን ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃችን ነው የሰራነው። ጉግል ማፕ ከፍቶ የጥርስ ክሊኒክ ብሎ መፈለግ፣ አንዱን መንካት፣ ስሙን ኮፒ አድርጎ ሺት (ሰንጠረዥ) ላይ መለጠፍ፣ ተመልሶ ስልኩን ኮፒ ማድረግ፣ እንደገና መለጠፍ። አንዷ የስራ ባልደረባችን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ይሄን ብቻ ነበር የምትሰራው፣ ከሰዓት ልትደውል ስትቀመጥ ድምጿ ራሱ የደከመ ነው፣ እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ ያመኝ ነበር ምክንያቱም ሰው ማናገር ላይ እንደሷ የሚችል የለንም። ሌላው ችግር አንዱን ቢዝነስ ሁለት ሦስት ጊዜ መደወል ነው፣ «ትናንት ከናንተ ሌላ ሰው ደውሎልኝ ነበር እኮ» ሲሉን የምንገባበት ይጠፋናል።

መሀል ላይ የተዘጋጀ ሊስት ከሚሸጥ ሰው ገዝቼ ነበር። ብዙ ሺህ ስልክ ነበረበት፣ ስንደውል ግን የተዘጋ ቤት፣ ስራ የቀየረ፣ ስልኩ የሌላ ሰው የሆነ፣ ይባስ ብሎ «ቁጥሬን ከየት አመጣችሁት» ብሎ የሚቆጣ። ያንን ሊስት ጣልነው።

ከዛ በኋላ ነው ይሄን ልጅ አንድ ወዳጄ ያገናኘኝ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ስለዚህ ወንድማችን ልበለው። መጀመሪያ ቀን የጠየቀኝን እስካሁን አልረሳውም። እኔ «በወር አስር ሺህ ሊድ እፈልጋለሁ» ስለው «እህቴ፣ በቀን ስንት ሰው ነው በደንብ ማናገር የምትችሉት?» አለኝ። ቆጠርን፣ ለሁላችን 60 ገደማ ነው። «እንግዲያው በየቀኑ 60 ትክክለኛ ሰው ላምጣላችሁ፣ ሌላው ለማን ነው የሚሰበሰበው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለሁለት ዓመት ይሄን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

አሰራሩን ላስረዳችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኮድ ካልቻልኩ አይሆንልኝም ብሎ ይተወዋል። የሰራው ኤንኤይትኤን (n8n) በሚባለው ኖ ኮድ መሳሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፣ ሳጥን ሳጥኑን እየጎተታችሁ በመስመር ማገናኘት ነው፣ አንድ መስመር ኮድ የለበትም። ዛፒየር የሚባለውን ሌላ ተመሳሳይ መሳሪያ ለምን አልመረጥክም ስለው ዛፒየር እያንዳንዱን እርምጃ ነው እየቆጠረ የሚያስከፍለው፣ ኤንኤይትኤን ክላውድ (በነሱ ሰርቨር ላይ የሚሰራው) ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሮጠውን በሙሉ እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው፣ የናንተ ስራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቢዝነስ ብዙ እርምጃ ስላለው እዛ ጋር ትከስራላችሁ አለኝ።

ሲስተሙ በየቀኑ ሌሊት በራሱ ይነሳና ከጉግል ሺት ላይ የዛሬውን አካባቢና የቢዝነስ ዓይነት ያነባል፣ ከዛ ለጉግል ፕሌስስ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የጉግል ማፕን መረጃ በቀጥታ የሚጠይቁበት በር ነው) ጥያቄ ይልካል። እዚህ ጋር ነው ሙያው ያለው። ኤፒአዩ በአንድ ገጽ 20፣ ለአንድ ፍለጋ ደግሞ በድምሩ ከ60 በላይ ውጤት አይሰጥም። እኔ ብሆን ከተማውን በሙሉ አንዴ ፈልጌ 60 አግኝቼ «በቃ ይሄው ነው ያለው» እል ነበር። እሱ ግን ከተማውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ እያንዳንዷን በሺቱ ላይ አንድ ረድፍ አደረጋት፣ አንዷ አራት ማዕዘን 60 ሞልታ ከመጣች የቀረ አለ ማለት ስለሆነ ረድፏ ቀይ ይሆናል፣ እኛ ለአራት እንከፍላታለን። በዚህ መንገድ ለዓመታት አይተናቸው የማናውቃቸው ቢዝነሶች ወጡ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያሉ፣ ፍለጋው ላይ ከላይ የማይመጡ፣ እና እነሱ ናቸው እኛን የሚፈልጉን።

ድግግሞሹን ያጠፋው ደግሞ በስም አይደለም፣ ስም ይመሳሰላል፣ በተለያየ መልክም ይጻፋል። ጉግል ለእያንዳንዱ ቦታ ፕሌስ አይዲ የሚባል መለያ አለው፣ መጀመሪያ አይዲውን ብቻ ይጠይቃል፣ ከኛ ሺት ጋር ያስተያያል፣ አዲስ ከሆነ ብቻ ነው ስልክና ዌብሳይት የሚጠይቀው፣ ምክንያቱም ክፍያው በምትጠይቁት መረጃ ዓይነት ይለያያል። እስከመጨረሻው ተዘግቷል ተብሎ የተመዘገበውን እዛው ይጥለዋል። ስልኩን በፕላስ ምልክትና በሀገር ኮድ ወደሚጀምረው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ ይቀይረዋል፣ ያ ከ15 አሃዝ አይበልጥም፣ ከዛ «አትደውሉልኝ» ካሉን ሰዎች ቁጥር ጋር ያመሳክራል። ይሄን እኔ አላዘዝኩትም፣ ራሱ ነው ያመጣው። አንድ ሰው ሁለት ቅርንጫፍ ኖሮት አይዲው ቢለያይም ስልኩ አንድ ስለሆነ ሁለተኛ አንረብሸውም።

አሁን እሱን የበለጠ ያከበርኩበትን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን በአንድ ክሊክ የማፑን ሁሉ አውጥቶ የሚሰጥ የብራውዘር ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አሳየሁትና ይሄን አስገባልኝ አልኩት። አይሆንም አለኝ። ያንን የጉግል የአጠቃቀም ውል ይከለክላል፣ በኤፒአይ የመጣውንም ቢሆን ፕሌስ አይዲውን ማስቀመጥ ይፈቀዳል እንጂ ሌላውን እየሰበሰባችሁ የራሳችሁ ዳታቤዝ ማድረግ አይፈቀድም ብሎ ውሉን ከፍቶ አብረን አነበብነው። «እህቴ፣ ማፑ ላይ ያለው የነሱ ነው፣ ደውላችሁ ያወቃችሁት ግን የናንተ ነው» አለኝ። ስለዚህ ሺቱን ለሁለት ከፈለው፡ የዕለቱ የመደወያ ሊስት ጠዋት አዲስ ይመጣል ማታ ይጠፋል፣ ቋሚው ሺት ላይ የሚቀረው አይዲውና እኛ በስልክ ያገኘነው ነው፣ ማን አነሳ፣ ምን አለ፣ መቼ ተመልሰን እንደውል፣ በየትኛው ስልክ ብንደውል ይመርጣል። ገና ስናየው ስራ የሚያበዛ መስሎን ነበር፣ አሁን ግን ትልቁ ንብረታችን ያ ቋሚ ሺት ነው። ለዘለቄታው ተቀምጦ እንዲኖር ለምንፈልገው ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕን (ሰዎች በጋራ የሚሞሉት ነፃ ማፕ) አሳየን፣ ምንጩን እስከጠቀሳችሁና የፈቃዱን ደንብ እስካከበራችሁ ድረስ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ስልክ ያልተሞላባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ እንጂ።

ኢሜይልም በራሱ ለሁሉም ይላክ ብዬ ነበር። እሱንም በእርጋታ አስረዳኝ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት ለሚልኩ ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል፣ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ሰው ስፓም (ያልተፈለገ መልዕክት) ብለው የሚከሱት ተቀባዮች 0.3 በመቶ እንዳይደርሱ ይላል፣ ያልጠየቃችሁ ሰው ላይ ብታዘንቡት ለደንበኞቻችሁ የምትልኩት ደረሰኝ ሳይቀር ስፓም ውስጥ ይገባል አለኝ። ተውነው፣ እንደውላለን።

አካውንቱን፣ የክፍያ ካርዱን፣ የኤፒአይ ቁልፉን ሁሉ በኛ ስም ነው ያስከፈተን፣ በራሱ ስም አንድም ነገር አላስቀረም። የጉግል የባጀት ማስጠንቀቂያ ወጪ ሲበዛ ያሳውቃል እንጂ ጥያቄውን አያቆምም ብሎ የቀን ጥያቄ ገደብ ጭምር አስቀመጠልን፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቅ ቢያድር እንኳን ሂሳቡ እንዳያስደነግጠን። ስህተት ሲኖር በቴሌግራም መልዕክት ይመጣል፣ በእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ ደግሞ ይሄ ምን ይሰራል፣ ቢቆም ምን ይነካል የሚል ማስታወሻ በአማርኛ ጽፎ ለጥፏል።

ያላማረኝን ሳልናገር ብቀር ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። ከተባባልነው ቀን በአንድ ሳምንት ዘግይቷል፣ መልዕክትም ቶሎ አይመልስም፣ ስራ ላይ ሲሆን ስልኩን አያይም። የሚቸኩል ሰው ይሄን አስቀድሞ ይወቅ። የዘገየበትን ሳምንት ግን አራት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽበት እንደነበር አይቻለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ቆሞብን ነበር። ጠዋት ቴሌግራሙን አየሁ፣ እሱ መንገድ ላይ ነበር፣ ማስታወሻውን እያነበብኩ ሄድኩና የሺቱን የአንድ ኮለም ስም ከኛ አንዱ ቀይሮት እንደነበር አገኘሁት። ወደነበረበት መለስኩት፣ ሰራ። በማግስቱ ራሴ የፊዚዮቴራፒ ማዕከላትን በአዲስ ረድፍ ጨመርኩ፣ ጠዋት ሊስቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። እኔ ኮድ አልችልም፣ ከዚህ በፊት ሲስተም ሲቆም ሰው ለምኜ ነበር የማሰራው፣ የዛን ቀን ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

ባልደረባችን አሁን ጠዋት በጥሩ ድምጿ ትደውላለች፣ ከማን ጋር እንደምታወራም አስቀድማ አንብባ ነው የምትጀምረው።

ወንድሜ ይሄን ካነበብከው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ሥራህን በሐቅ ነው የሰራኸው። እንደኛ በእጁ ኮፒ ሲያደርግ የሚውል ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ምን እንደሚሸጥና በቀን ስንት ሰው ማናገር እንደሚችል ይንገረኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ስራ በላይ ስለማይይዝ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።