የዘይ ማይት ቢ ጃይንትስ «ፍለድ»፦ ከወራት በኋላ ምን ተረፈው?

የዚህን አልበም ሲዲ የገዛሁት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች ሲዲ ታጫውታለች። እኔ ደግሞ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ለሥራ ስመላለስ ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ ተገትሬ የማሳልፈው ሰዓት ብዙ ነው። አልበሙ እዚያው መኪና ውስጥ ከረመ። ስለዚህ የምነግራችሁ አንዴ ሰምቶ የተደነቀ ወይም አንዴ ሰምቶ የተናደደ ሰው አስተያየት አይደለም።

ለማያውቃቸው፣ ዘይ ማይት ቢ ጃይንትስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ማለት ሁለት ጆኖች ናቸው፤ ጆን ሊኔል እና ጆን ፍላንስበርግ። የተዋወቁት ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊንከን በምትባል ከተማ ነው። በኋላ ብሩክሊን ገቡ። ሊኔል አኮርዲዮን፣ ፍላንስበርግ ጊታር ይጫወታሉ፤ ከበሮውን በዚያን ጊዜ ማሽን ነበር የሚመታላቸው። ገና ሳይታወቁ ዘፈኖቻቸውን መልእክት በሚቀበል የስልክ ማሽን ላይ ቀድተው፣ የፈለገ ሰው ደውሎ እንዲሰማ ያደርጉ ነበር። «ፍለድ» ሦስተኛ አልበማቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ኤሌክትራ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ወጣ። 19 ዘፈን፣ በ43 ደቂቃ ገደማ። ሒሳቡን ስሩት። አንዳንዱን ገና መውደድ ስትጀምሩ ያልቃል።

መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ስለዚህ አልበም አስተያየት አለው። ዝም ያለ የለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ከኤርፖርት ስመልሳት ተከፍቶ ነበር። ትንሽ አዳመጠችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? የሊኔል ድምፅ በአፍንጫ በኩል ነው የሚወጣው። ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ አይለምደውም። አኮርዲዮኑን ግን ወዳዋለች። «ይሄስ የኛ ነው» አለች።

አልተሳሳተችም። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ የአሜሪካ ጉዞ ካበቃ በኋላ እዚሁ ዋሽንግተን ቀርቶ፣ በ1985 ለብቻው አኮርዲዮን ይዞ ካሴት አውጥቷል። እሱም ከበሮውን ያስመታው በማሽን ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው፣ ሰውየው ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። የሁለቱ ጆኖች የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1986 ነው። አይተዋወቁም፣ ሙዚቃቸውም አይገናኝም። ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሰው ሁሉ ጥሎት የነበረውን መሣሪያ ከማሽን ከበሮ ጋር ያጋቡት እነሱና የኛው ሰው ናቸው። እኔ አሁን ሁለቱን እያፈራረቅሁ ነው የምሰማው፤ ማንም አይሰማኝም እንጂ አንድ ላይ ኮንሰርት አዘጋጅላቸው ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ጓደኛዬ፣ የጥላሁን ሰው፣ ፊት ለፊት ነው የተናገረው፤ «ዘፈን ከሆነ ያስለቅስ። ይሄ ቀልድ ነው።» በአልበሙ ላይ የሚሰማው ዋናው ወቀሳ ይሄው ነው፤ ብልጠት እንጂ ልብ የለውም የሚል። መሥሪያ ቤት ያለ አንድ አሜሪካዊ ደግሞ ኮሌጅ እያለ የሰማው ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘምረዋል። «አስቂኝ ባንድ» ስትለው ይቆጣል። ለሱ ይሄ የወጣትነቱ ሙዚቃ ነው፣ በወጣትነት ደግሞ አይቀለድም። ልጄ ምንም ክርክር ውስጥ አልገባችም። እሷ የምታውቀው «ፓርቲክል ማን»ን ብቻ ነው። ትንሿ ቅንጣት ሰውዬ ከባለ ሦስት ማዕዘኑ ሰውዬ ጋር ይጣላል፣ ይሸነፋል፤ በቃ። በ1991 የልጆች ካርቱን ላይ ስለወጣ ያን ዘመን ልጅ የነበረ ብዙ አሜሪካዊ ባንዱን ያወቀው በዚያ በኩል ነው። በኋላም ለልጆች ብለው አልበሞች ሠርተዋል፣ በአንዱ ግራሚም ወስደዋል። ስለዚህ «የልጆች ሙዚቃ ነው» የሚለው ስድብ እነሱን ብዙም አይነካቸውም።

የኔ ችግር ሌላ ነበር። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ጆሮ ዝም ብሎ አይሰማም። ከሥሩ ምን አለ ይላል። ያ ባለ ሦስት ማዕዘን ማነው? መንግሥት ነው? ሥላሴ ነው እንዳልል ደግሞ ያስፈራል። «በርድሃውስ ኢን ዩር ሶል» ላይም እንደዚሁ ስቆፍር ሰነበትኩ። ይሄ ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ 6ኛ ደረጃ ድረስ የወጣ ትልቁ ሥራቸው ነው። ስለ ምንድን ነው? ስለ መኝታ ቤት መብራት። ግድግዳው ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ የሰማያዊ ወፍ ቅርጽ ያላት፣ ማታ ልጅ እንዳይፈራ የምትበራ ትንሽ አምፖል ናት የምትዘፍነው። ራሳቸውም ያሉት ይሄንኑ ነው። ወርቅ የለም። ሰሙ ነው ያለው።

ግን እስቲ ያቺን አምፖል ስሟት። ቅድመ አያቷ የባሕር ዳር መብራት ቤት እንደነበረ ትተርካለች። ያንን ሥራ ብትሰጧት ግን መርከቡን ሁሉ ከነሰዉ አስጨርሳ እንደምትባረር ታምናለች። አንዴ ብቸኛ ጓደኛህ ነኝ ትላለች፤ ወዲያው አይ ብቸኛዋ አይደለሁም፤ እንዲያውም ጓደኛህ አይደለሁም፤ ግን ነኝ። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ፣ ትንሽ መሆኗን እያወቀች ሥራዋን የምትሠራ ነገር ከዚህ በላይ እንዴት ይዘፈንላታል አልኩ። ጓደኛዬ ልብ የለውም ያለው ይሄንን ነው።

«ዴድ»ም እንደዚሁ ነው። ፒያኖና ሁለት ድምፅ ብቻ። ሞቶ የአስቤዛ ከረጢት ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው የሚዘፍነው። ነገሩ ያስቃል። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ ወይ የፈለግሁትን ሳላደርግ ሞቻለሁ፣ ወይ በሕይወት አለሁና የምፈልገው ነገር የለኝም የሚል ሐሳብ ያመጣል። ከምሽት ሥራ ስመለስ ይሄን ዘፈን እዘለዋለሁ።

ከሁሉም ያልጠበቅሁት «ዩር ሬሲስት ፍሬንድ» ነው። ሰውየው ግብዣ ላይ ነው። የጋባዡ ጓደኛ ዘረኛ ወሬውን ይለቃል። ዘፋኙ ከዘረኛው ጋር አይጨቃጨቅም። ቅሬታው ከጋባዡ ጋር ነው፤ አንተ እያለህ፣ እየሰማህ፣ ዝም ብለህ እያሳለፍክ። እኔ ይሄን ግብዣ አውቀዋለሁ። እንጀራው ቀርቦ፣ ቢራው ተከፍቶ፣ አንዱ ስለ ሌላው ብሔር አፉን ሲከፍት፣ የቤቱ ባለቤት «ተወው ባክህ፣ ጠጥቶ ነው» የሚልበትን። ስለ ዘረኝነት ከተዘፈኑ ዘፈኖች ብዙዎቹ ስለ ዘረኛው ናቸው። ስለ «ተወው ባክህ» የተዘፈነ ብዙ አላውቅም።

«ሚኒመም ዌጅ» (ዝቅተኛ ደመወዝ) አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቃሉ ርዕሱ ብቻ ነው፤ ይጮኻሉ፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ከዚያ እንደ ሊፍት ውስጥ ሙዚቃ የለሰለሰ ነገር ይቀጥላል። አልበሙ ሲወጣ የፌደራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ 7 ከ25 ላይ ቆሟል። በሰዓት ተከፍሎት ለሚያውቅ ሰው ግጥም አያስፈልግም፣ ጅራፏ ትበቃለች።

አሁን ቅሬታ። ድምፁ ስስ ነው። ባዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚወድ ሰው የመኪናው ስፒከር የተበላሸ ይመስለዋል። ክላይቭ ላንገር እና አለን ዊንስታንሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ፕሮዲውስ ያደረጓቸው አራት ዘፈኖች አሉ፤ «በርድሃውስ»፣ «ዩር ሬሲስት ፍሬንድ»፣ «ዊ ዎንት ኤ ሮክ» እና «ኢስታንቡል»። እነዚህ ሞልተው፣ ተወልውለው ነው የሚመጡት። ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ልዩነቱ በጆሮ ማዳመጫ ጎልቶ ይሰማል፣ መኪና ውስጥ ያን ያህል አይደለም። «ኢስታንቡል» ራሱ የነሱ አይደለም፤ በ1953 ፎር ላድስ የዘፈኑት ነው። ለጭፈራ አንደኛ ነው፣ ግን ቶሎ ይሰለቻል። እኔን ከሁሉ ቀድሞ የሰለቸኝ እሱ ነው። ከመሃል ወዲያ ያለውም ይንዛዛል። «ሂሪንግ ኤይድ» መጨረሻው ጫጫታ ነው፣ «ሆት ቻ»ን አሁንም ለምን እንደገባ አላውቅም። አጭር ስለሆኑ ይቅር ይባላሉ።

መግዛት ያለበት ማነው? አዲስ ነገር ሲሰማ የማይደነግጥ፣ መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋ፣ ልጅ ያለው። አንድ ዘፈን ብቻ መሞከር የፈለገ ከሁለተኛው ይጀምር፤ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ መግቢያ ነው። ፍቅር ፍቅር የሚሸት ነገር የፈለገ ግን ገንዘቡን ይያዝ። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ10 ስምንት። አንዱን የቀነስኩት ለባዙ ነው፣ ሌላውን ለ«ሆት ቻ»። ጓደኛዬ አራት ነው የሰጠው፤ ባለፈው ሳምንት ግን መኪና ሲያቆም ስለ ወፏ አምፖል ሲያንጎራጉር ሰምቼዋለሁ።